ስም ወይስ ደቂቃ? የሞሐመድ ሳላህ መንገድ ለመስመር አጥቂዎች የሚነግረን

አንድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ወደ ውጭ ሊሄድ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚጠየቀው የክለቡ ስም ነው። ስሙ የገነነ ከሆነ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ብዙ ያልተሰማ ከሆነ ደግሞ «እዚያ ሄዶ ምን ሊሆን?» ይባላል። ይህ መለኪያ ለማንም ተጫዋች ጥሩ አይደለም፤ ለመስመር አጥቂ ግን ጭራሽ አሳሳች ነው። በክንፍ የሚጫወት ሰው እንጀራው ያለው በሚያገኘው ደቂቃና ሜዳው ላይ በሚቆምበት ቦታ ነው።

ይህን ለማሳየት ከሞሐመድ ሳላህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ኢትዮጵያዊ፣ አዲስ አበባም ይሁን ጅዳ ወይም ዋሽንግተን፣ ሳላህን የሚያውቀው በጎሎቹ ነው። ጎሎቹን መድገም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከጎሎቹ በፊት የነበሩትን ውሳኔዎች ማየት ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ሊቀር ይችል ነበር። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግራ ተከላካዩ ልጅ

ሳላህ የተወለደው በ1992 በናይል ዴልታ፣ በጋርቢያ ግዛት፣ ናግሪግ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በ14 ዓመቱ የካይሮው አል ሞካውሉን አል አረብ ክለብ ወጣት ቡድን ተቀበለው። ከመንደሩ ልምምድ ሜዳው ለመድረስ ብቻ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። አውቶቡስ እየቀያየረ ይሄዳል፣ ማታ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጽናት ምሳሌ ሆኖ ነው፤ ጽናቱም እውነት ነው። ከአውቶቡሱ ይልቅ ሙያውን የወሰነው ግን ብዙ የማይወራ ሌላ ነገር ነው። ሳላህ ያኔ አጥቂ አልነበረም፤ የግራ መስመር ተከላካይ ነበር።

ነገሩ የተለመደ ነው። ግራ እግሩን የሚጠቀም ልጅ ሲገኝ ወደ ግራ መስመር ይላካል፤ ማንም ሁለት ጊዜ አያስብበትም። የወጣት ቡድኑ አሠልጣኝ ሰኢድ አል ሺሺኒ በኋላ እንደተናገሩት፣ ቡድናቸው ኢንፒ የተባለውን የግብፅ ክለብ 4 ለ 0 ባሸነፈበት ቀን ሌሎቹ ሲጨፍሩ ሳላህ ያለቅስ ነበር። ከኋላ እየተነሳ ደጋግሞ ግብ ጠባቂው ፊት ደርሷል፤ ግን አንዱንም አላገባም። አሠልጣኙ ከዚህ የተረዱት ልጁ ጎል የመሳት ችግር እንዳለበት አልነበረም። ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ ያን ያህል ጊዜ እዚያ የሚደርስ ልጅ ሲጀመር ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው ብለው ወደ ቀኝ ክንፍ አሻገሩት። በአፍሪካ ወጣት ቡድኖች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለው አሠልጣኝ የሚያተርፈውን ያህል የትኛውም ወኪል አያተርፍም ብዬ አምናለሁ።

ግራ እግሩን የሚጠቀም ልጅ ለምን በቀኝ? ቀደም ባለው ዘመን የመስመር አጥቂ ሥራ የታወቀ ነበር። ቀኝ እግሩ የሚሠራለት በቀኝ፣ ግራ እግሩ የሚሠራለት በግራ ይቆማል፤ መስመሩን ይዞ እስከ ማዕዘን ምት መምቻው ይሮጣል፤ ኳሱን ወደ መሐል ያሻማል። ጎል የሚያገባው ዘጠኝ ቁጥሩ፣ ማለትም የመሐል አጥቂው፣ ነው። እግርና መስመር ሲገላበጡ ግን ሥራው ሌላ ይሆናል። ግራ እግረኛው በቀኝ መስመር ኳስ ሲቀበል ወደ ውስጥ በታጠፈ ቁጥር ኳሱ ጠንካራ እግሩ ላይ ያርፋል፤ ግቡም ሙሉ በሙሉ ይታየዋል። ተከላካዩ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን መንገድ ከዘጋ ውጭው ክፍት ይቀራል፤ ውጭውን ከዘጋ ደግሞ ውስጡን ይሰጣል። አርየን ሮበን ከ2009 ጀምሮ በባየርን ሙኒክ ይህን አንድ እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲደጋግም ሁሉም ያውቅበት ነበር፤ ማቆም ግን አልቻሉም።

ይህ ጨዋታ ግን ብቻውን አይቆምም። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው አጥቂ ተከላካዩ እንዲጠራጠር የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል። ከኋላው ተነስቶ በውጭ በኩል የሚያልፍ ወይም ቢያንስ ኳሱን በሰዓቱ የሚያቀብል የቀኝ ተከላካይ ያስፈልገዋል። የመሐል አጥቂውም ወደ ኋላ በመሳብም ሆነ ተከላካዮችን ይዞ በመቆም ሳጥኑ ውስጥ ክፍተት ሊፈጥርለት ይገባል። እነዚህ ከሌሉ ሁለት ሰው መጥቶ ይይዘዋል፤ በሦስተኛው ወር «ጥሩ ነበር፣ ግን ተነቃበት» ይባላል። ለዚህ ነው የመስመር አጥቂ ክለብ ሲመርጥ ከአርማው በፊት የቀኝ ተከላካዩን ማንነት መጠየቅ ያለበት።

ከመከራ ቀን የተከፈተ በር

በ2011 ታላቁ የካይሮ ክለብ ዛማሌክ ሊወስደው ይችል ነበር። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ማምዱህ አባስ ግን ልጁ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል ብለው አልፈለጉትም። የካቲት 1 ቀን 2012 ደግሞ በፖርት ሰዒድ ስታዲየም ከአል መስሪና አል አህሊ ጨዋታ በኋላ በተነሳው ጥቃት 74 ሰዎች ሞቱ። የግብፅ ሊግ ቆመ፤ ያ የውድድር ዘመንም ሳይጠናቀቅ ቀረ። ገና 20 ዓመት ያልሞላው የመስመር አጥቂ የሚጫወትበት ውድድር አልነበረውም።

የስዊዘርላንዱ ባዝል ልጁን ቀደም ሲል ሲከታተለው ነበር። መጋቢት 2012 ክለቡ ከግብፅ ከ23 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ጋር ባዝል ከተማ ውስጥ የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጀ። ሳላህ ከዕረፍት በኋላ ገብቶ ሁለት ጎል አገባ፤ ግብፅ 4 ለ 3 አሸነፈች። ባዝሎች ለሳምንት ልምምድ አቆዩትና በሚያዝያ የአራት ዓመት ውል አስፈረሙት። በዚያው ክረምት በለንደን ኦሊምፒክ በሦስቱም የምድብ ጨዋታዎች ጎል አስቆጠረ።

ስዊዘርላንድን የናቀ ሰው ይኖራል። የመስመር አጥቂ የመጀመሪያ ክለብ እንዲህ ሲሆን ግን የሚያገኘውን እንቁጠር። ባዝል በአገሩ ሊግ የበላይ ነው፤ ኳስ ይዞ ያጠቃል፤ ስለዚህ የክንፍ ተጫዋቹ በየጨዋታው ደጋግሞ ከተከላካይ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። በሌላ በኩል በአውሮፓ ውድድሮች ከትልልቆቹ ጋር ሲጫወት ቡድኑ ወደ ኋላ ስለሚያፈገፍግ በመልሶ ማጥቃት ሰፊ ሜዳ ያገኛል። አንድ ወጣት በሳምንቱ መጨረሻ የተዘጋ መከላከያ መክፈት፣ በሳምንቱ አጋማሽ ደግሞ በባዶ ሜዳ መሮጥ ይማራል። ባዝል በ2013 በዩሮፓ ሊግ ቶተንሃምን ጥሎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ቼልሲን ለንደን ላይ 2 ለ 1፣ ባዝል ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ሳላህ በሁለቱም አገባ። የስዊዘርላንድ ሊግ ሳያልፍ በቀጥታ ከካይሮ ለንደን ቢሄድ ኖሮ ስሙን ዛሬ የምናውቀው አይመስለኝም።

የቼልሲው ዓመት

በጥር 2014 ቼልሲ ወደ 11 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። ሊቨርፑልም በዚያው ወቅት ፈልጎት ነበር። በስም ካየነው ያ ቀን የሙያው ከፍተኛ ቀን ነው፦ ጆዜ ሞሪንሆ፣ ስታምፎርድ ብሪጅ፣ ፕሪሚየር ሊግ። በሥራ ካየነው ግን እዚያ ቦታ ላይ ኤደን ሃዛርድ፣ ዊሊያን፣ ኦስካርና አንድሬ ሹርለ ነበሩ። በዚያው ጥር ኬቨን ደ ብሩይነ ወደ ቮልፍስበርግ፣ ሁዋን ማታ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ተሸጠዋል። ሁለቱም የወጡት ቡድኑ ውስጥ ቦታ አጥተው ነው፤ ማታ ደግሞ የክለቡ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነበር። እሱ መሰለፍ ያቃተው ቡድን ውስጥ የ21 ዓመት ልጅ ምን ደቂቃ ሊያገኝ?

ሞሪንሆ ከመስመር አጥቂ የሚፈልጉትም ሌላ ነበር። የተጋጣሚውን የመስመር ተከላካይ እስከ ራሱ ሳጥን ድረስ ተከትሎ የሚመለስ፣ ኳስ የሌለበትን ሥራ የሚሠራ ተጫዋች ይፈልጋሉ። ዊሊያን ለዚህ የተፈጠረ ነበር። ሳላህ በባዝል የዳበረው ወደ ፊት እየሮጠ ነው። በአንድ ዓመት ቆይታው በፕሪሚየር ሊግ 13 ጊዜ ብቻ ተሰለፈ፤ ሁለት ጎል አገባ። በሁለተኛው የውድድር ዘመን ከመሄዱ በፊት የተጫወታቸው የሊግ ጨዋታዎች ሦስት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ «አልሳካ ያለው» የሚል ስም ተለጠፈበት፤ እስከ 2017 ድረስም ተከተለው። ይህ ፍርድ ትክክል አልነበረም። 13 ጨዋታ፣ ያውም አብዛኛው ተቀይሮ በመግባት፣ ለማንም መስፈሪያ አይሆንም። የመስመር አጥቂ በሙከራ የሚኖር ሰው ነው፤ በጨዋታ ስድስት ጊዜ ተከላካይ ሊያልፍ ሞክሮ አራቴ ቢነጠቅ ሁለቱ ያበሉታል። በ80ኛው ደቂቃ የገባ ልጅ ግን ስድስት ሙከራ የለውም፤ አንድ አለው። እሱን ከተነጠቀ «ኳስ ያበላሻል» ይባላል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ላለመሳሳት ብሎ ወደ ኋላ ያቀብላል። ተጠባባቂ ወንበር ከተከላካይ ይልቅ የክንፍ ተጫዋችን ቶሎ የሚያደርቀው በዚህ ነው።

ሳላህ የተረፈው ከለንደን በጊዜ ስለወጣ ነው። በየካቲት 2015 ሁዋን ኳድራዶ ከጣሊያኑ ፊዮረንቲና ወደ ቼልሲ ሲመጣ እሱ በውሰት ወደ ፊዮረንቲና ሄደ። ከውጭ ለሚያየው ይህ ውርደት ነው፤ የሊጉ መሪ ከሆነ ቡድን ወጥቶ፣ ያውም በሌላ ሰው ዝውውር ላይ እንደ ጭማሪ ተቆጥሮ። እሱ ግን 74 ቁጥር መለያ ጠይቆ ለበሰ፤ በፖርት ሰዒድ ለሞቱት መታሰቢያ። በመጋቢት በጣሊያን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጁቬንቱስን ቱሪን ላይ ሁለት ጎል አግብቶ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ጁቬንቱስ በሜዳው ከተሸነፈ ረጅም ጊዜ አልፎት ነበር። የመጀመሪያውን ጎል ኳስ ከራሳቸው ሜዳ ይዞ እየሮጠ ነው ያገባው። ያው ልጅ ነው፤ ያው እግር ነው። የተለወጠው አሠልጣኙ ቪንቼንሶ ሞንቴላ ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ማስገባታቸው ነው።

ቀጥሎ ሮማ መጣ፤ መጀመሪያ በውሰት፣ በ2016 በቋሚነት በ15 ሚሊዮን ዩሮ። በሊጉ በመጀመሪያው ዓመት 14፣ በሁለተኛው 15 ጎል አገባ። በጣሊያን የሚከላከሉት ቡድኖች ከኋላቸው ሜዳ አይሰጡም፤ ስለዚህ ፍጥነት ብቻ አያዋጣም። ሳላህ ሳጥን አካባቢ በሁለት ንክኪ መወሰንን፣ ከመሐል አጥቂ ጋር ተቀባብሎ መግባትን የተማረው እዚያ ነው። ኤዲን ዤኮ ተከላካዮችን በጀርባው ይዞ ሲቆም ሳላህ በጎኑ እያለፈ ይገባ ነበር። በ2016/17 ዤኮ በሊጉ 29 ጎል አገባ፤ ሮማ በ87 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ። ሁለት ዓመት ተኩል የጣሊያን ኳስ፣ በየሳምንቱ በቋሚነት። በ2017 ወደ እንግሊዝ የተመለሰው በቼልሲ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ሳይሆን ሌላ ተጫዋች ነው።

ለእሱ የተቀረጸ ቦታ

ሊቨርፑል በ42 ሚሊዮን ዩሮ ሲገዛው ብዙ ሰው ዋጋው በዝቷል አለ። ዩርገን ክሎፕ ራሳቸው በቅድሚያ ያሰቡት ጀርመናዊውን ዩሊያን ብራንትን ነበር፤ የክለቡ የተጫዋች ምልመላ ክፍል ነው ሳላህ ይሻላል ብሎ የሞገተው። ያ ክፍል ያየው ስሙን አይደለም፤ ከቡድኑ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ነው። ሮቤርቶ ፊርሚኖ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ወደ አማካይ የሚሳብ አጥቂ ነበር። እሱ ሲሳብ የመሐል ተከላካዮቹ ወይ ይከተሉታል ወይ ይቆማሉ፤ ከተከተሉት ከኋላቸው ባዶ ይሆናል፤ ሳላህና ሳዲዮ ማኔ ከሁለቱ ክንፎች ወደዚያ ባዶ ቦታ ይገባሉ። በቀኝ በኩል ከኋላው ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ አደገ፤ በረጅሙ የሚያቀብል፣ የሚያሻማ፣ በስፋት የሚቆም። ተጋጣሚ ሳላህን በሁለት ሰው ከያዘ አርኖልድ ነፃ ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 32 ጎል፤ በ38 ጨዋታ የውድድር ዘመን የዚያን ጊዜው ክብረ ወሰን፣ ኤርሊንግ ሃላንድ በ2023 እስኪሰብረው ድረስ። በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 ክለቡ 30 ዓመት የጠበቀው የሊግ ዋንጫ። ከዚህ በላይ ያለው ለአንባቢ አዲስ አይደለም።

ብሔራዊ ቡድኑ ግን ለየት ያለ ሸክም ነው። ለግብፅ ሲጫወት ፊርሚኖም አርኖልድም የሉም፤ ኳሱ ሁሉ ወደ እሱ ይላካል፤ ተጋጣሚም ሁሉም ሰው ወደ እሱ ይዞራል። በጥቅምት 2017 ኮንጎ ላይ በጭማሪ ሰዓት ባገባት ፍጹም ቅጣት ምት ግብፅን ከ28 ዓመት በኋላ ወደ ዓለም ዋንጫ አስገባ። በ2017ና በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜዎች ግን ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ማኔ ባለበት ሴኔጋል በመለያ ምት፣ እሱ አምስተኛ መቺ ሆኖ ተራው ሳይደርስ። አንድ የመስመር አጥቂ በክለቡ ያለውን አቅም በብሔራዊ ቡድን ማሳየት አልቻለም ተብሎ ሲወቀስ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት በሁለቱ ቦታ ማን እንዳጀበው ነው።

እግር ሲደክም

የክንፍ ተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው ይባላል፤ እውነትነት አለው። ሥራው በሙሉ ፍጥነት ተነስቶ መቆም፣ እንደገና መነሳት ነው። ታፋና ቋንጃ ይጎዳል፤ ከ30 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ አምስት እርምጃዎች ይዘገያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ወይ ወደ መሐል መግባት ወይ ብልሃትን ማሳደግ ነው። ሳላህ ሁለቱንም አደረገ። ሰውነቱን በጥብቅ ሥርዓት ጠበቀ፤ ጎል ከማግባት ጋር ጎል ማመቻቸትን አበዛ። በ2023 የሳዑዲው አል ኢቲሃድ 150 ሚሊዮን ፓውንድ አቅርቦ ሊቨርፑል እምቢ ሲል ብዙዎች ክለቡ ዕድል አመለጠው ብለው ነበር። በ2024/25 በ32 ዓመቱ 29 ጎል አግብቶ 18 አመቻቸ፤ ድምሩ 47፣ በ38 ጨዋታ የሊግ ዘመን ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። ሊቨርፑል ሻምፒዮን ሆነ፤ እሱም የተጫዋቾች ማኅበርን የዓመቱን ምርጥ ሽልማት ሦስት ጊዜ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የዚያ ዓመት ምሥጢር ሳላህ ራሱ የተናገረው ነው፤ አሠልጣኙ አርነ ስሎት የመከላከል ሥራ እንዲቀንሱለትና እሱ በጎል እንዲከፍላቸው ተስማምተዋል። ስምምነቱ ዋጋ አለው። አንድ ተጫዋች ወደ ኋላ ካልተመለሰ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች በእሱ ፋንታ ይሮጣሉ፤ እሱ እስካገባ ድረስ ማንም አያጉረመርምም። በ2025 ክረምት አሌክሳንደር አርኖልድ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ሉዊስ ዲያዝ ወደ ባየርን ሄዱ፤ ዲዮጎ ጆታ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። አዳዲስ አጥቂዎች በከፍተኛ ገንዘብ ገቡ። ቀኝ መስመሩ ላይ ለዓመታት የተገነባው መግባባት ፈረሰ፤ ጎሎቹ ሲቀንሱ ያልሮጠው ሩጫ ይታይ ጀመር፤ ተጋጣሚዎችም በእሱ ወገን ማጥቃትን አበዙ።

በኅዳር መጨረሻ ከዌስት ሃም ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ከሰንደርላንድ ጋር ከዕረፍት በኋላ ገባ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን ሊድስ ላይ 3 ለ 3 በተጠናቀቀው ጨዋታ ደግሞ ሳይገባ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለጋዜጠኞች ክለቡ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ እንደጣለና ከአሠልጣኙ ጋር የነበረው ግንኙነት እንደተበላሸ ተናገረ። ለኢንተር ጨዋታ ሚላን አልሄደም። ብዙ ተንታኝ ነገሩን የትዕቢት ጉዳይ አድርጎት ነበር። እኔ እንደማየው ትዕቢት ትንሹ ክፍል ነው። በ2014 ደቂቃ አጥቶ የደረቀ ሰው በ33 ዓመቱ ያው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያውቀውን ነገር ነው የፈራው። አሠልጣኙም ቃላቸውን አጥፈዋል ማለት አይቻልም፤ የመከላከል ነፃነት ከጎል ጋር የታሰረ ውል ነበር፣ ጎሉ ሲጠፋ ውሉም ይፈርሳል።

ወደ እኛ ልጆች

ሰኔ 9 ቀን 2022 በማላዊ ሊሎንግዌ ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ሳላህ በዚያ ጨዋታ አልነበረም። በመጋቢት 2025 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲገናኙ ግን ነበረ፤ እሱ ከፈተ፣ ግብፅ 2 ለ 0 አሸነፈች። ይህ ጨዋታ የኢትዮጵያ «የሜዳ» ጨዋታ ነበር፤ የተደረገው ካዛብላንካ ነው። ሊሎንግዌም እንዲሁ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2021 መጨረሻ የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም ካለ ወዲህ ዋልያዎቹ የሜዳ ጨዋታቸውን በሰው አገር ሲያካሂዱ ቆይተዋል።

ይህን የማነሳው የደጋፊውን ቁጭት ለመቀስቀስ አይደለም። ባዝል ሳላህን ያገኘው በዓይኑ አይቶ፣ ሜዳ ላይ ፈትኖ፣ ለሳምንት አብሮ አሠልጥኖ ነው። የመስመር አጥቂ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ በአካል መታየት የሚፈልግ ተጫዋች ነው፤ ኳስ በሌለበት ጊዜ የት እንደሚቆም፣ ከተነጠቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግ በሦስት ደቂቃ የተቀነባበረ ቪዲዮ አይታወቅም። ብሔራዊ ቡድኑ በአገሩ በማይጫወትበት ሁኔታ መልማይ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የሚመጣበት ምክንያት ይጠፋል።

ሌላው ግንብ የሥራ ፈቃድ ነው። እንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ ለውጭ ተጫዋች ፈቃድ የምትሰጠው በነጥብ ነው። ነጥቡ የሚመጣው ከአገሩ የፊፋ ደረጃ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ ከተሰለፈበት ደቂቃ፣ ከሚጫወትበት ሊግ ጥራትና በዚያ ሊግ ካገኘው ደቂቃ ነው። በዓለም እስከ 50ኛ ባለው አገር ብሔራዊ ቡድን ውስጥ በብዛት የሚሰለፍ በቀጥታ ያልፋል። ኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት ከ140ኛ ወዲያ ናት። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ የክንፍ ተጫዋች ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በቀጥታ እንግሊዝ ሊገባ ነው የሚል ወኪል ሲመጣ፣ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ይህን ሕግ ማንበብ ያሻል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር እንደማይችልም የፊፋ ደንብ ይደነግጋል። «ሙከራ አለው» እየተባለ የቤተሰብ ጥሪት የሚሸጥበት አሠራር የሚያብበው ይህን ሁለት ነገር የሚያውቅ ወላጅ በማነሱ ነው።

የሚያስኬደው መንገድ መካከለኛ ሊግ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ቤልጅየም፣ ኦስትሪያ፣ የስካንዲኔቪያ አገሮች። ወደ ቅርብ ካየን ግብፅና ደቡብ አፍሪካ። ሳላዲን ሰኢድ ከግብፁ ዋዲ ደግላ ወደ ቤልጅየሙ ሊርስ የሄደው ሁለቱ ክለቦች አንድ ባለቤት ስለነበራቸው ነው፤ በር የሚከፈተው አንዳንዴ በእንዲህ ዓይነት ትስስር ነው። ሽመልስ በቀለ ለረጅም ዓመታት በግብፅ ሊግ ኖሯል። የተጫወተባቸው ክለቦች የአል አህሊን ወይም የዛማሌክን ስም አልያዙም፤ ግን በየሳምንቱ ይሰለፍ ነበር። አቡበከር ናስር በ2020/21 በኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሮ በ2022 ከአህጉሩ ባለጸጋ ክለቦች አንዱ ወደሆነው የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ዝውውሩ የሚያኮራ ነበር፤ በዚያ የአጥቂ ክምችት ውስጥ ደቂቃ ማግኘት ግን ከባድ ሆነ፤ ጉዳትም ተጨመረበት። ችሎታው አልጠፋም። በ2014 ለንደን የታየው ነገር ነው ፕሪቶሪያም የታየው፤ ልዩነቱ ሳላህ በውሰት የሚወስደው ፊዮረንቲና ነበረው።

ክለቦቻችንም ከዚህ የሚያገኙት አለ። አንድ ተጫዋች በውሉ መካከል ከአገር ወደ አገር በተሸጠ ቁጥር፣ በፊፋ ደንብ መሠረት ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። እስከ 15 ዓመት ያለው እያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 በላይ ያለው 0.5 በመቶ ያስገኛል። ሳላህ በአል ሞካውሉን ከ14 ዓመቱ እስከ 20ኛ ዓመቱ ዋዜማ ቆይቷል፤ በቀመሩ ብናሰላው ወደ 2.5 በመቶ ይጠጋል። ሮማ ለሊቨርፑል በ42 ሚሊዮን ዩሮ ሲሸጠው ካይሮ ላለው ክለብ የሚደርሰው ወደ 1 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ምንም ሳይሠራ። ይህ የሚከፈለው ግን ልጁ በየዓመቱ በፌዴሬሽኑ ተመዝግቦ ከሆነ ነው። ክፍያው ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በፊፋ የክፍያ ማዕከል በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ማዕከሉ የሚያየው የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ ነው። በ14 ዓመቱ በየትኛው ክለብ እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ፣ ልጁን ከግራ ተከላካይነት ወደ ቀኝ ክንፍ ያሻገረው ክለብ ድርሻውን የሚጠይቅበት ማስረጃ አይኖረውም።